ሰባራ ድልድይ ለምን ሰባራ ሆኖ ቀረ?

ድልድይ ብዙውን ጊዜ በአሠሪው፣ በወንዙ ወይም ከወዲህና ከወዲያ በሚያገናኛቸው አገሮች ስም ይጠራል። በስብራቱ የሚጠራ ግን ብርቅ ነው። በደቡብ ጎንደር ደቡባዊ ጫፍ፣ በቀድሞው እስቴ ግዛት በአንዳቤት በኩልና በምሥራቅ ጎጃሟ ሞጣ መካከል ዓባይን የሚሻገረው ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ ዛሬ የሚታወቀው «ሰባራ ድልድይ» በሚል ስም ነው። ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ሰውና ከብት አሻግሯል። ተሰብሮ የቆየው ከስልሳ ዓመት ብዙም ያልበለጠ ጊዜ ነው። በሕዝብ አፍ ጸንቶ የቀረው ግን የስልሳው እንጂ የሦስት መቶው አይደለም። ስለዚህ ድልድይ ሲጻፍ አብዛኛው ሰው የሚያነሳው ጥያቄ «ማን ሰበረው?» የሚለው ነው፤ መልሱም አጭር ነው። ከዚያ የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ከተሰበረ በኋላ ሰላም ሲመለስ፣ መንግሥት ሲጸና፣ ሲሚንቶና ብረት አገር ውስጥ ሲገባ፣ ስለምን ስልሳ ዓመት ሙሉ ሳይጠገን ቀረ? የዚህ ጽሑፍ መልስ እንዲህ ነው፦ ድልድዩን የሰበረው ጦርነት ነው፤ ሰባራ አድርጎ ያኖረው ግን በላዩ ያልፍ የነበረው መንገድ ከአገሩ የመንገድ ካርታ መውጣቱ ነው። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ታሪክም ያለዚህ እውነት በደንብ አይገባም።

መጀመሪያ መሬቱን እንይ። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ለዚህ አገር የቤት ምሰሶ ማለት ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ፤ በተራራው ደቡብና ምሥራቅ ያለው ውኃ ደግሞ ጣናን ሳይነካ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ይገባል። በምሥራቅ በኩል ላይ ጋይንት ከነከተማው ነፋስ መውጫ፣ ከሥሩ ታች ጋይንት ከነአርብ ገበያ፣ ወደ ደቡብ ሲወረድ ስማዳ ከነወገዳ፣ ወደ ምዕራብ ደግሞ እስቴ ከነመካነ ኢየሱስ ይገኛሉ። ስማዳ በደቡብ ዓባይ፣ በምሥራቅ ደግሞ የበሽሎ ሸለቆ ያጥሯታል፤ እስቴና አንዳቤትም የዓባይን በረሃ ከጎጃም ጋር ይካፈላሉ። በረሃ ማለት እዚህ አሸዋ ማለት አይደለም፤ ደጋው ተቆርጦ የሚወርድበት ሞቃት ገደል ማለት ነው። ዓባይ በበጋ ረጋ ሲል ሰዉ ዋና በሚያውቁ ሰዎች እርዳታ፣ ከብቱም በዋና ይሻገራል። ከሰኔ ማለቂያ እስከ መስከረም ግን ወንዙ ሌላ ፍጥረት ነው። ደጋው የለቀቀውን አፈር፣ ዛፍና ድንጋይ ሁሉ ይዞ ሲወርድ ወዲህ ያለው ወዲህ፣ ወዲያ ያለው ወዲያ ይቀራል። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» የተባለው ለቀልድ አይደለም። እስቴና ሞጣ ከደጋ ወደ ደጋ በዓይን የሚተያዩ ጎረቤቶች ናቸው፤ በዓመት ሦስት ወር ግን ያለ ድልድይ እንደ ባዕድ አገር ይራራቃሉ።

ይህን ርቀት ለማጥበብ የተቻለው በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ነው። የመጀመሪያው የዓባይ የድንጋይ ድልድይ ከጢስ እሳት ፏፏቴ በታች፣ አላታ በሚባለው ስፍራ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ተሠራ። በዘመኑ በአገሩ የነበረው ኢየሱሳዊው ማኖኤል ደ አልሜዳ እንደጻፈው፣ ለዚህ መንገድ የከፈተው በአካባቢው ለኖራ የሚሆን ድንጋይ መገኘቱ ነው፤ ሥራውን የመራውም ከፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ጋር ከሕንድ የመጣ ባለሙያ ነበር። የኖራው ነገር ትንሽ ጉዳይ አይደለም። የሰሜኑ ደጋ በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ለመጥረብ ሞልቷል፣ ድንጋይን ከድንጋይ የሚያጣብቀው ኖራ ግን እንደ ልብ አይገኝም። የኖራ ድንጋይ በከፍተኛ ሙቀት ተቃጥሎ፣ በውኃ ተፈትቶ፣ ከአሸዋ ጋር ተለውሶ ሲገነባበት ከአየር ጋር እየተዋሐደ ቀስ በቀስ ወደ ድንጋይነት ይመለሳል። ሕዝቡ ስለ ፋሲል ዘመን ግንቦች «ኖራው በእንቁላል ተለውሶ ነው» የሚለው፣ እንቁላል ይግባበት አይግባበት፣ ለዚህ ጥንካሬ ያለውን አድናቆት ይገልጻል። ከአላታው ቀጥሎ ወንዙን ተከትሎ ወደ ታች የተሠራው ሁለተኛው ድልድይ፣ ማለትም የዛሬው ሰባራ ድልድይ፣ በልጁ በአፄ ፋሲል ዘመን (1624–1660 ዓ.ም.) የተሠራ ነው። በርብና በጉማራ ላይ ያሉት የፋሲል ድልድዮችም የዚሁ ዕውቀት ቤተሰቦች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስም መታረም አለበት። በውጭ መጻሕፍት እነዚህ ሥራዎች «የፖርቹጋል ድልድዮች» ይባላሉ፤ ብዙ ያገራችን ሰዎችም ይህንኑ ይደግማሉ። ሆኖም አፄ ፋሲል የአባቱን የካቶሊክ እምነት ሽሮ ኢየሱሳውያኑን ከአገር ያስወጣ ንጉሥ ነው። ሁለተኛው ድልድይ በእሱ ዘመን ከተሠራ ሚሲዮናውያኑ ሊሠሩት አይችሉም። የሠሩት ዕውቀቱን የወረሱት ናቸው፤ የአገሩ ግንበኞች፣ ከሕንድ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች፣ ምናልባትም ከክርስቶፎር ዳ ጋማ ዘመቻ የተረፉት ፖርቹጋሎች የልጅ ልጆች። ዕውቀት ከባሕር ማዶ መምጣቱን መካድ አያስፈልግም፤ ድንጋዩን የጠረበው፣ ኖራውን ያቃጠለው፣ በዓባይ በረሃ ሙቀትና ንዳድ ውስጥ የሠራው ግን የአገሩ ሰው ነው። ይህ የባለቤትነት ጥያቄ በኋላ ስለ ጥገናው ስንነጋገር ተመልሶ ይመጣል፤ የፖርቹጋል ነው ብሎ የተወውን ድልድይ ማንም የእኔ ብሎ አይጠግነውምና።

ድልድዩ ለምን እዚያ ተሠራ የሚለውን ለመረዳት የነጋዴውን መንገድ መከተል ይበቃል። በጎንደር ዘመንና ከዚያም በኋላ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን፣ ከጎንደር የሚነሣው የሲራራ ነጋዴ ይፋግንና ደሪጣን ነክቶ፣ ማሕደረ ማርያምን አልፎ፣ ዓባይን ተሻግሮ ሞጣ ይገባል፤ ከሞጣም ወደ ባሶ ታላቅ ገበያ ይወርዳል። ባሶ ከዓባይ ማዶ ከደቡቡ አገር የሚመጣው ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ የሚገናኝበት ገበያ ነበር፤ በዚሁ መንገድ ባሪያዎችም ይነዱበት እንደነበር መደበቅ አይገባም። ወደዚያ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይወርዳል፤ ወደዚህ የደቡቡ ሀብት ይወጣል። ቤተ መንግሥቱም በዚሁ መሥመር ተሳስሯል፤ የሞጣ ጊዮርጊስን የደበረችው የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል መሆኗ፣ ጎንደርና ሞጣ አንድ ቤተሰብ እንደነበሩ ያሳያል። እንግዲህ እስቴ በዚያ ዘመን የአገር ዳርቻ አልነበረም። በሁለት ትልልቅ አገሮች፣ በበጌምድርና በጎጃም መካከል ያለ በር ነበር፤ ኬላ የሚጠበቅበት፣ ቅፍለት የሚያድርበት፣ አጋሰስ የሚራገፍበት በር። ይህን ካልጨበጥን ስብራቱ ምን እንደሰበረ አይታየንም።

ስብራቱ የመጣው በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ነው። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ትረካ እንደሚለው፣ ድልድዩን የሰበሩት የጠላት ጦር እንዳይመላለስበት ብለው አርበኞቹ ራሳቸው ናቸው። የጦር ካርታው ይህን ትረካ ይደግፈዋል። ጣሊያን በወዲያ ሞጣ ላይ፣ በወዲህ ደብረ ታቦር ላይ የጦር ሰፈር ነበረው፤ በሁለቱ መካከል ያለው አጭር መንገድ ደግሞ በዚህ ድልድይ ላይ የሚያልፈው ነው። የጎጃምና የበጌምድር አርበኞች ጉልበታቸው ገደሉን፣ ዋሻውንና መሻገሪያውን ማወቃቸው ነበር፤ ጠላት ግን ያለ መንገድና ያለ ድልድይ መድፍም ሆነ ስንቅ ማንቀሳቀስ አይችልም። ስለዚህ ድልድዩን መስበር ለአርበኛው ትንሽ፣ ለወራሪው ግን ትልቅ ኪሳራ ነበር። የድንጋይ ድልድይ አሠራርም ለዚህ ይመቻል። ቅስት የሚቆመው ድንጋዮቹ እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ነው፤ ከላይ ያለው ክብደት ድንጋዮቹን ያጣብቃቸዋል እንጂ አይለያያቸውም። ስለዚህ ሦስት መቶ ዓመት በቅሎና ነጋዴ ሲመላለስበት አይነቃነቅም። ነገር ግን ከአናቱ ላይ ያሉት ጥቂት ድንጋዮች በዲጅኖ ከወለቁ መገፋፋቱ ያበቃና ያ ቅስት ሙሉ በሙሉ ይወርዳል። ሁሉም ቅስቶች አብረው አለመውደቃቸው ደግሞ የግንበኞቹ ጥበብ ነው፤ እያንዳንዱ ቅስት በየራሱ ወፍራም እግር ላይ ስለቆመ መካከለኛው ሲወድቅ የዳርና የዳሩ ቆመው ቀሩ። የሰባራው ምስል እንዲህ ተፈጠረ፤ ከሁለቱ ዳር የተዘረጋ፣ መሐል ላይ የማይነካካ ድንጋይ።

«ይህን የመሰለ ቅርስ ማፍረስ ተገቢ ነበር ወይ?» የሚል ሊኖር ይችላል። ጥያቄው የሚነሣው ከሰላም ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ድልድይ ለሚጠቀምበት ሰው ቅርስ ከመሆኑ በፊት መሣሪያ ነው፤ ወራሪ ሲጠቀምበት የወራሪ መሣሪያ ይሆናል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአውሮፓም ከወንዝ ማዶ የሚመጣን ጦር ለማቆም የራሳቸውን አገር ድልድይ ያፈረሱ ሠራዊቶች ብዙ ናቸው፤ ልዩነቱ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ አብዛኞቹን መልሰው መሥራታቸው ነው። የአርበኞቹ ሥራ ከዚህ አንጻር ሲመዘን አንድ ቅስት ብቻ ማውረዳቸው ቁጠባ ነው። የሚመለሰው የእኛ መንግሥት ይሞላዋል በሚል ተስፋ የተከፈተ ክፍተት ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም። ተጠያቂነቱ የሚጀምረው ተስፋው ሳይሞላ ከቀረበት ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማየት ካርታ መዘርጋት ያስፈልጋል። አዲሱ ዘመን የመኪና ዘመን ነበር፤ የመኪናው መንገድም መነሻው አዲስ አበባ ነው። ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚሄደው ዋና መንገድ በደጀን በረሃ ዓባይን ተሻግሮ፣ በደብረ ማርቆስ በኩል ባሕር ዳር ይደርሳል፤ በባሕር ዳር ደግሞ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በተሠራው ድልድይ ዓባይን እንደገና ተሻግሮ ወደ ጎንደር ይቀጥላል። ሁለተኛው ትልቅ መሥመር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ነው፤ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና አድርጎ ወልዲያ የሚደርሰው፣ በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩትና ዛሬም «የቻይና መንገድ» የሚባለው። ይህኛው አዲስ ሐሳብ አልነበረም። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ ገደል እያስናዱ መንገድ ያስቆፈሩት በዚሁ በጋይንትና በጨጨሆ አቅጣጫ ነበር። የምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ሁለት የጥንት አውራ መንገዶች ነበሩት ማለት ነው፤ አንዱ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በጉና ትከሻ የሚያልፈው፣ ሌላው ከሰሜን ወደ ደቡብ ዓባይን የሚሻገረው። ሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያውን የመኪና መንገድ አደረገው፤ ሁለተኛውን ግን በተሰበረበት ቦታ ተወው።

ውጤቱ በከተሞቹ ዕድል ላይ ይነበባል። ይፋግና ደሪጣ፣ ነጋዴው ሁሉ የሚረግጣቸው የነበሩት፣ ደበዘዙ፤ በሁለት መንገዶች መጋጠሚያ ላይ የወደቀችው ወረታ ግን ከተማ ሆነች። ነፋስ መውጫ የመኪና መንገዱን ስላገኘች አደገች። እስቴና ስማዳ ግን ከበርነት ወደ ጓዳነት ወረዱ፤ የሚገባባቸውም የሚወጣባቸውም በአንድ በኩል፣ በሰሜን ብቻ ሆነ። ከጎጃም ጋር ያላቸውን ግንኙነት በቁጥር ማየት ይቻላል። ከሞጣ ወደ እስቴ በመኪና ለመሄድ የፈለገ ሰው ወደ ባሕር ዳር ወጥቶ፣ ወረታን ዞሮ፣ በደብረ ታቦር በኩል መውረድ ነበረበት፤ ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ዙሪያ። በድልድዩ በኩል ግን ጉዳዩ የእግር መንገድ ነው። ስለዚህ ሰዉ ዙሪያውን ትቶ ገመዱን መረጠ። በተሰበረው ቅስት ከወዲህና ከወዲያ ጫፍ አሥር አሥር ያህል ወንዶች እየቆሙ፣ ተሻጋሪውን ወገቡ ላይ በታሰረ ገመድ ክፍተቱን ያሻግሩት ነበር። ከሥሩ ዓባይ ይፈስሳል። ለገበያ የሚሄደው፣ ለቀብር የሚሄደው፣ ለሠርግ የሚሄደው፣ ሕክምና የሚፈልገው ሁሉ በዚህ ያልፋል። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ይባላል፤ እዚህ ደግሞ የድልድይ ባለቤት የሆነ ሕዝብ ድልድይ አጣ።

ለዚህ ሐሳብ የሚቀርበው ጠንካራው ተቃውሞ የመልክዓ ምድር ነው። «የዓባይ በረሃ ጥልቅ ነው፤ ድልድዩ ደግሞ ለበቅሎ የተሠራ ጠባብ ድልድይ ነው። መኪና ሊያልፍበት አይችልም፤ ስለዚህ በመኪና ዘመን መተዉ የተፈጥሮ ሂደት ነው» ይባላል። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ፋሲል ያሠራው ድልድይ የጭነት መኪና አይሸከምም፤ ማንም እንዲሸከም የጠየቀው የለም። ነገር ግን ገደሉ ብቻውን ምክንያት ቢሆን ኖሮ የደጀን በረሃም ድልድይ ባልኖረው ነበር። ደጀን ላይ የዓባይ ሸለቆ እጅግ ይጠልቃል፤ ቢሆንም በወንዙ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ድልድይ ተሠርቷል፤ ሁለተኛው በጃፓን እርዳታ የተሠራው የህዳሴ ድልድይ ነው። በባሕር ዳርም በግንቦት 2016 ዓ.ም. 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ከአሮጌው ጎን ተመርቋል። ልዩነቱ ከመሬቱ አይመጣም። በደጀንና በባሕር ዳር የሚያልፈው መንገድ ከዋና ከተማው ይነሣል፤ በእስቴና በሞጣ መካከል ያለው ግን ሁለት ጎረቤቶችን ያገናኛል። መንግሥት የመጀመሪያውን ሲያየው የአገር ጉዳይ ይለዋል፤ ሁለተኛውን የወረዳ ጉዳይ። ሁለቱ ወረዳዎች ደግሞ በሁለት ጠቅላይ ግዛት፣ ኋላም በሁለት ዞን ሥር ስለሆኑ ድልድዩ የማንም ሙሉ ኃላፊነት ሳይሆን መሐል ቀረ። ድንበር ላይ ያለ ድልድይ ሁለት ባለቤት ያለው ይመስላል፤ በተግባር ግን አንድም የለውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ ድሃ አገር ሁሉንም ድልድይ መጠገን አይችልም የሚል። ይህንን የሚፈትነው ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው። ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ሰው የገመድ መሻገሪያውን ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ አይቶ፣ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን የበጎ አድራጎት ድርጅት መሠረተ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ክፍተቱ በብረት ድልድይ ተገጠመ። ቁሳቁሱ በአህያና በሰው ጉልበት ወደ በረሃው ወረደ፤ የአካባቢው ሕዝብም በሥራው ተሳተፈ። ስልሳ ዓመት ያልተሞላ ክፍተት በጥቂት ሰዎችና በአነስተኛ ወጪ ተሞላ ማለት ነው። እንግዲህ የጎደለው የብዙ ሚሊዮን ብር በጀት ሳይሆን፣ ቦታውን አይቶ ይህ መሻገሪያ ነው የሚል ዓይን ነበር። ያ ዓይን ከሌላ አህጉር፣ ያውም በመጽሔት ገጽ በኩል መምጣቱ የሚያኮራ አይደለም። ድርጅቱ ከዚያ ተነሥቶ በብዙ አገሮች በመቶ የሚቆጠሩ የእግረኛ ድልድዮችን ሠርቷል፤ የሰባራ ድልድይ ስብራት ለዓለም ብዙ ድልድይ ወለደ። የራሱን አገር የመንገድ ዕቅድ አውጪ ግን ያን ያህል አላስተማረም።

ታሪኩ እዚያ ቢያበቃ ደግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የመጣው ከባድ ጎርፍ የብረቱን ድልድይ ጠርጎ ወሰደው። በዚህ ጊዜ «የቀደሙት ሲሠሩ ዘመን ተሻገረ፤ የዛሬዎቹ ሲሠሩ ሦስት ክረምት ብቻ ቆየ» የሚል ወቀሳ ይሰማል። ወቀሳው ግን ፍትሐዊ አይደለም። የድንጋዩ ድልድይ ጎርፉን የሚቋቋመው በክብደቱ ነው፤ ውኃ ከላዩ ቢያልፍም ለመንቀል የሚበቃ ኃይል አያገኝም። ቀላል ብረት ግን በዚያው ከፍታ ላይ ሲቀመጥ ውኃውና ውኃው የሚገፋው ግንድ ሲደርስበት እንደ ክንፍ ያነሣዋል። ትምህርቱ ይህ ነው፦ ድንጋይን በድንጋይ ካልተካን በስተቀር የድንጋይን ከፍታ መውረስ አይገባንም። ቀጥሎ የተሠራው ይህንን ትምህርት ተቀብሏል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀው አንድ መቶ ሜትር ገደማ የሚረዝም በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ሲሆን፣ ወንዙ መሐል እግር ሳይተክል ከዳር እስከ ዳር ይዘልለዋል። አሮጌው ድልድይ እግሩን ውኃ ውስጥ አስገብቶ ከዓባይ ጋር ይታገል ነበር፤ አዲሱ ትግሉን ትቶ ከላይ ያልፋል። ሁለቱም የየዘመናቸው ብልሃት ናቸው።

«አሁን መሻገሪያው ካለ አሮጌው ድንጋይ ለምን ያሳስበናል?» የሚለው ሦስተኛው ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት ሁለት ምሳሌዎችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይጠቅማል። በቦስኒያ የሞስታር ከተማ ድልድይ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ተሠርቶ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቆመ፤ እ.ኤ.አ. በ1993 በእርስ በርስ ጦርነት በመድፍ ወደቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በዚያው ዓይነት ድንጋይና በዚያው ቅርጽ ተመልሶ ተሠራ፤ በዓመቱም ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ሞስታር ቅርጹን ያዳነው ከተማው በሁለቱም ዳር ስለኖረ ነው፤ መንገዱ ሳይሞት ድልድዩ ብቻ ነበር የሞተው። ሁለተኛው ምሳሌ የአዲስ አበባው ለገሃር ነው። የጅቡቲ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ የጣቢያው ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1929 ተሠራ። አዲሱ ባቡር ሲመጣ ሐዲዱ በከተማው ዳር ፉሪ ለቡ ላይ ቆመ፤ ለገሃር ግን ከነሕንፃው ቆሞ ባቡር አጣ። እዚያ ድንጋዩ ተረፈ፣ መንገዱ ሄደ። በሰባራ ድልድይ ደግሞ ድንጋዩ ተሰበረ፣ የሕዝቡ መንገድ ግን በገመድም ቢሆን አልሞተም። ሦስቱ አብረው ሲታዩ አንድ ነገር ይነግሩናል፤ ጣቢያም ድልድይም የሚኖሩት በላያቸው በሚያልፈው ጉዞ ነው፤ ጉዞው ከራቀ ግንቡ ቢቆምም ባዶ ነው፣ ጉዞው ካለ ግን ግንቡ ቢፈርስም ጠጋኝ ያገኛል። ስለዚህ አሮጌው ድንጋይ የሚያሳስበን ለውበቱ ብቻ ብለን አይደለም። ጉዞው በዚያ በኩል እንደነበረ የሚመሰክር በዓይን የሚታይ ሰነድ እሱ ነው። እስቴ የዓባይን በር የያዘ አገር እንደነበረ በወረቀት ላይ ያለውን ማስረጃ ያነበበ ጥቂት ነው፤ የተዘረጋውን ቅስት ያየ ግን ለምን ተሠራ ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

አደጋውም እዚህ ላይ ነው። የአገራችን የባቡር ዕቅድ ሲወጣ በወረቀት ላይ ከተሰመሩት መሥመሮች አንዱ ከባሕር ዳር በወረታ በኩል ወደ ወልዲያ የሚያልፈው ነበር፤ ያው የቴዎድሮስ አቅጣጫ፣ ያው የቻይና መንገድ። አንድ ቀን ሐዲዱ በእውን ቢዘረጋ ለጋይንት ትልቅ በረከት ይሆናል። ለእስቴ ደቡብና ለስማዳ ግን ለሦስተኛ ጊዜ ከበላያቸው የሚያልፍ መሥመር ይሆናል፤ ወደ እሱ ለመድረስ ጀርባቸውን ለዓባይ ሰጥተው ወደ ሰሜን የሚወጡበት። «ሐዲድ ሁሉንም መንደር ሊነካ አይችልም» መባሉ ትክክል ነው። የሚጠበቀውም ሁሉን መንካት አይደለም። የሚጠበቀው ዋናው መሥመር ሲነደፍ ተሻጋሪው መንገድ አብሮ መታሰቡ ነው፤ ወደ ባቡር ጣቢያው ከደቡብ የሚመጣው ገበሬ ከጎጃም በኩልም ሊመጣ እንደሚችል ማስላት፣ የዓባይን መሻገሪያ የሁለት ዞኖች የጋራ ሀብት አድርጎ መመዝገብ፣ የተረፉትን የፋሲል ቅስቶች ደግሞ ዛፍ ሥሩን ሰድዶ ሳይነቅላቸው፣ ጎርፍም እግራቸውን ሳይበላው በኖራ መጠገን። 

አዲሱን ገመድ ድልድይ የሚሻገረው ሰው ዛሬም «ሰባራ ድልድይ ተሻገርኩ» ይላል። የሚረግጠው ድልድይ አልተሰበረም፤ ስሙ ስለ አጠገቡ ነው። ይህ ስም መቀየር የለበትም። አርበኛው የሰበረው ለጊዜው እንደነበረ፣ ጊዜው ግን በቸልተኝነት ስልሳ ዓመት እንደሆነ የሚያስታውሰን ሌላ ሐውልት በአካባቢው የለም። ቀጣዩ መንገድ ሲቀየስ ካርታው ላይ የሚያጎነብሰው መሐንዲስ ስሙን አንብቦ «ይህ ለምን ሰባራ ተባለ?» ብሎ ከጠየቀ፣ ስሙ የሚችለውን ሁሉ ሠርቷል።